ሐምሌትን ልታነቡ ለተነሳችሁ

ልጆቼ፣ የቆየ ተውኔት ጀምራችሁ አሥረኛው ገጽ ላይ ብትተዉት አልፈርድባችሁም። ተውኔት እንደ ልብወለድ ሲነበብ ይደርቃል። ልብወለድ ሰውየው የት እንደቆመ፣ ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ ይነግራችኋል፤ ተውኔት ይህን ለአዘጋጁና ለተዋናዩ ይተዋል። መጽሐፉን ስትይዙ አዘጋጆቹ እናንተ ናችሁ።

የሼክስፒር «ሐምሌት» ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው የበርናርዶ «ማነው እሱ?» የሚል ድምፅ ነው። ቀላል መስሏችሁ አትለፉት። በርናርዶ ገና ጥበቃውን ሊረከብ እየመጣ ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ቆሞ የሚጠብቀው ፍራንሲስኮ ነበር። መጪው ቀድሞ የጠየቀው ስለፈራ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሌሊት የሟቹን ንጉሥ መንፈስ አይቷል። ቀጥለው እኩለ ሌሊት መሆኑን፣ ብርዱም መክፋቱን ያወራሉ። የሼክስፒር ተውኔቶች ይታዩበት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1599 የተሠራው የለንደኑ ግሎብ ቴአትር መሐሉ ለሰማይ ክፍት ነበር፤ ትርኢቱም ከቀትር በኋላ በፀሐይ ነበር የሚታየው። ሌሊቱን መድረክ ላይ የሚያመጣው ቃል ነበር።

ጀማሪ አንባቢ አብዝቶ የሚስተው ግን ዝምታን ነው። በአንደኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት አዲሱ የዴንማርክ ንጉሥ ክላውዲዮስ በሰፊው ይናገራል፣ መልእክተኞች ይልካል፣ የአማካሪውን ልጅ ሌይርተስን ያሰናብታል። የሟቹ ንጉሥ ልጅ ሐምሌት ጥቁር ለብሶ እዚያው አለ፤ ከ60 በላይ ስንኝ እስኪያልፍ ትንፍሽ አይልም። አንባቢ ይረሳዋል፤ ተመልካች ግን ዓይኑን ከእሱ መንቀል አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የግርጌ ማስታወሻውን ትታችሁ በአንድ ወይም በሁለት ቁጭታ ጨርሱት። ያልገባችሁን በእርሳስ አስምራችሁ እለፉ፤ በየስንኙ ከቆማችሁ ታሪኩ ይበጣጠሳል። ስትመለሱበት በየትዕይንቱ የገቡትን ጻፉ፣ የወጡትን ሰርዙ። ስሙ ሳይሰረዝ ዝም ያለው ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ ሦስት አራት ሆናችሁ የፀጋዬ ገብረመድኅንን የአማርኛ ትርጉም ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በየስንኙ መጨረሻ ድምፃችሁን አትጣሉ፤ ትንፋሽ የሚወሰደው ሐሳቡ ሲያርፍ ነው። አለዚያ ግጥሙ ዜማ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቴአትሩን መድረክ ላይ ካገኛችሁት አዘጋጁ ምን እንደቆረጠ ፈልጉ። ሙሉው 4 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የኖርዌዩ ልዑል ፎርቲንብራስ ነው። እሱ ካለ ዴንማርክ በባዕድ እጅ ትገባለች፤ ከሌለ መጋረጃው የሚዘጋው በወዳጁ በሐምሌት ሬሳ ላይ በሚያለቅሰው ሆራሺዮ ላይ ነው።