አልማዝ ባለጭራ ከሆነ ዛሬውኑ ውሰጃቸው

እናቴ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ናት፣ ጎኗ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት፣ ጎረቤት አልማዝ ባለጭራ ነው የባህል መድኃኒት ቀቢያት አለኝ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ወንድሜ ኤች አይ ቪ እንዳለበት ባወቀ ሰሞን ይኸው ነገር ወጥቶበት ኮዬ ፈጬ ቤታችን ያስታመምኩት እኔ ነኝ።

ምንም አትቀቢ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው፣ ገና እንደገባሽም ኬሞ ላይ መሆናቸውን ተናገሪ። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ሰዓቱ አልፏል ብለሽ ግን እንዳትቀሪ፣ አቅሙ ለደከመ ሰው ዘግይቶም ይሰጣል፣ አንዳንዴም አስተኝተው በደም ሥር ይሰጡታል። በሚኒባስ ግፊያ አትውሰጃቸው፣ ኮንትራት ያዢ። ወንድሜ ሸሚዝ ሲነካው እንኳ ይዘል ነበር።

እሱን መጀመሪያ ያመመው ግራ ጎኑን ነው። ያቃጥለኛል ሲል ብርድ ነው ተባለ። ከዚያ ከጀርባው ተነስቶ በጡቱ ሥር እንደ ቀበቶ ቀላ፣ በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ልጅ ሆነን የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ከሰውነት አይወጣም፣ ነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆያል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ሲወርድ ይነሳል። ጎረቤቶቻችን ዞሮ ከተገናኘ ይገድላል እያሉ ልጁን አስጨነቁት። አንድ ነርቭ ተከትሎ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎን አያልፍም። እናትሽ ላይ ግን ሌላ ቦታም ብቅ ብቅ ካለ፣ ከተኮሳቸው፣ ከቃዡ፣ ወይ ግንባርና አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ፊት ላይ የወጣው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ኬሞ የሚከታተሏቸው ሐኪሞችም ይወቁ። ቀጣዩ ዙር ይቆይ አይቆይ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ቁስሉ እስኪደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው። ኮንዶሚኒየም ላይ የጎረቤት ልጅ ሲወጣ ሲገባ ነው የሚውለው፤ ጉድፍ ያልያዘው ልጅ ውሃውን ከነካ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። እርጉዝና አራስ ልጅም አይጠጓቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ቁስሉ ደርቆም ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ወንድሜን ማታ ማታ እንቅልፍ ሲነሳው አሚትሪፕቲሊን አዘዙለት። ፋርማሲ የድብርት መድኃኒት ነው ቢሉሽ አትደንግጪ፣ ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል።