ሶዲየሙ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጽሐፋችን «በቀለጠ የምግብ ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሶዲየምና ክሎሪን ይለያያሉ» ይላል። እኔና ጓደኛዬ ጨው በውሃ አቅልጠን፣ በሁለቱም ጫፍ የቀረጽናቸውን ሁለት እርሳሶች ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኘን። አረፋ ወጣ፣ በረኪና በረኪና ሸተተን። ሶዲየም ግን የለም። ምን አጠፋን? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ያሳሳታችሁ አማርኛችን ነው። ቅቤ ምጣድ ላይ ቀለጠ እንላለን፤ ጨው ወጥ ውስጥም ቀለጠ እንላለን። መጽሐፉ የሚለው የመጀመሪያውን ነው። የእናንተ ጨው ሟሟ እንጂ አልቀለጠም። እኔም ሳስተምር «የቀለጠ ጨው ምን ይመስላል?» ብዬ ጠይቄ አንዱ ተማሪ በብርጭቆ ጨው ያለበት ውሃ ይዞልኝ መጥቷል። ደረቅ ጨው አዮኖቹ (ኤሌክትሪክ የተሸከሙት የሶዲየምና የክሎሪን ቅንጣቶች) ተቆላልፈው ስለተቀመጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲሟሟም ሲቀልጥም ይፈታሉ። ክሎራይዱ፣ ማለትም የክሎሪኑ አዮን፣ ወደ ፖዘቲቩ እርሳስ ሄዶ ትርፍ ኤሌክትሮኑን ያስረክብና ጥንድ ጥንድ ሆኖ በጋዝ መልክ ይወጣል። ሶዲየሙ ወደ ነጌቲቩ ይሄዳል፤ እዚያ ግን ውሃ ይቀድመዋል። ኤሌክትሮን መቀበል ለውሃ ይቀለዋልና ሃይድሮጅን ይወጣል፤ አረፋው እሱ ነው። ሶዲየሙ አዮን እንደሆነ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ውሃውም ኮስቲክ ሶዳ እየሆነ ይሄዳል። ክሎሪኑ ከዚህ ሶዳ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው በረኪና ነው፤ አፍንጫችሁ አልዋሸም።

በ1807 ለንደን ውስጥ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪም መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳን የሚመስለውን ፖታሽ በውሃ አሟሙቶ ሞክሮ ያገኘው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ነበር። ውሃውን ትቶ ፖታሹን ራሱን በኤሌክትሪኩ ሲያቀልጠው ነው እንደ ሜርኩሪ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ብቅ ያሉት፤ አንዳንዶቹ ወዲያው እየተቀጣጠሉ ጠፉ። ያ ፖታሲየም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሶዲየምንም ከኮስቲክ ሶዳ አወጣ። የምግብ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ፋብሪካዎች ካልሲየም ክሎራይድ ቀላቅለው ወደ 600 ገደማ ያወርዱታል። ቤት ውስጥ አትሞክሩት!

የውሃውን ግን ድገሙት፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከሁለት ደቂቃ ሳይበልጥ። ክሎሪን ሳንባ ይጎዳል። አሁን ስኳር የሌለው ከርከዴ ጥቂት ጠብ አድርጉበት። በአንዱ እርሳስ ዙሪያ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ በሌላው ዙሪያ ይነጣል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከነምክንያቱ ጻፉልኝ።