የሕዝብ ሽንት ቤት ውስጥ ማስታወቂያ መሸጥ ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው «በማኅበር ተደራጅተን በተረከብነው የሕዝብ ሽንት ቤት በርና ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሰቅለን የጽዳቱን ወጪ መቻል እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። ከፊሉን አዎ፣ ሙሉውን ግን አትጠብቁ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዤ ሴ ዴኮ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያጥቡ ሽንት ቤቶችን በማስታወቂያ ገቢ ተክሏል፤ ገንዘቡ የሚመጣው ግን መንገድ ዳር ከተተከሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች እንጂ ከሽንት ቤቱ ውስጥ አይደለም። ኢኮቶይሌት የሚባሉት የናይሮቢ የሕዝብ ሽንት ቤቶችም የመግቢያ ክፍያ፣ ሊስትሮና ትንንሽ ሱቅ አክለውበት ነው የሠሩት። ማስታወቂያ ወጡን ያወፍራል እንጂ እንጀራ አይሆንም።

ማስታወቂያ የሚያሰቅለው ደንበኛ ውሉን ከመፈረሙ በፊት መጥቶ ያያል፤ ከማየቱም በፊት ያሸታል። ስለዚህ ከሽታው ጀምሩ። የወንዶች መሽኛ ፍሳሽ ቀዳዳ ዙሪያ የሚጋገረው ቢጫ ቅርፊት የሽንት ጨው ነው። በረኪና ያነጣዋል እንጂ አያሟሟውም፣ ሽታውም በማግሥቱ ይመለሳል። የሚያሟሟው አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ነው፦ አፍስሱ፣ 20 ደቂቃ ያህል ተዉት፣ በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉ፣ በብዙ ውሃ አጥቡ። በረኪናና ይህን ማጽጃ በፍጹም አታደባልቁ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ለወለልና ለእጀታ መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል።

ሌላው የሽታ ምንጭ የወለሉ ፍሳሽ ነው። ከሥሩ ባለው የታጠፈ ቱቦ የሚቀመጠው ውሃ ሲደርቅ የጉድጓዱ ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል። ማታ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ሊትር ውሃ ጨምሩበት፤ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም።

ውሃውን አስሉት። በባልዲ እየተደፋ የሚሠራ መቀመጫ በአንድ ሰው 3 ሊትር ያህል፣ እጅ መታጠቢያው አንድ ሊትር ያህል ቢወስድ፣ 300 ተጠቃሚ በቀን 1,200 ሊትር ይጨርሳል። ውሃ ለሦስት ቀን የምትጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ያስፈልጋል። ውሃ በሌለበት ቀን ማስታወቂያው የደንበኛውን ስም ከግማት ጋር ያያይዘዋል፤ ውሉን የሚያፈርሰውም ይኸው ነው።

የማስታወቂያውን ክፈፍ በተመለከተ፣ ተራ ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ስቲከርም ርጥብ ቀለም ላይ ከጠርዙ ይላቀቃል። የአሉሚኒየም ክፈፍ፣ ፊቱ 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ፣ ብሎኑ የማይዝግ፣ ከግድግዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የራቀ ይሁን። የላይና የጎን ጠርዙን በሲሊኮን ድፈኑ፣ ታቹን ክፍት ተዉት፤ ጤዛው መውጫ ካጣ ወረቀቱን ያበሰብሰዋል። ቁጢጥ በሚባልበት ሽንት ቤት በር ላይ መሃሉ ከወለሉ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ወንዶች ቆመው በሚሸኑበት ግን 150። ብዙዎች ሁሉንም በቆመ ሰው ቁመት ይሰቅሉና «ማንም አላየውም» ይባላሉ።

የምትሸጡት ትልቁ ነገር የወንዶችና የሴቶች ክፍል መለያየቱ ነው፤ ሌላ ሰሌዳ እንዲህ ለይቶ አያደርስም። የሴቶቹን ለንጽሕና መጠበቂያ፣ ለሳሙና፣ ለአቅራቢያ ፋርማሲና ክሊኒክ አቅርቡ። የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ሻጭ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃውን በዓይነት ቢሰጥ ይቀለዋል፤ ተቀበሉት። ትምባሆ ማስተዋወቅ በአዋጅ 1112/2011 የተከለከለ ነው፣ በአልኮል መጠጥም ላይ ጥብቅ ገደብ አለ። በውጭ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የውጭ ማስታወቂያ ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። ለውስጡም ቢሆን ቤቱን ካስረከባችሁ አካል ጋር ያላችሁ ውል ማከራየትን እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ሳታረጋግጡ ከማንም ቅድሚያ ክፍያ አትቀበሉ።