ነጩ ዱቄት ሳይቆም ቀለም አይቀባ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከወላጆቼ የወረስኩት ቤት የውጭ ግድግዳው ያልተለሰነ ቀይ ጡብ ነው፤ 40 ዓመት አልፎታል። ከመስኮቶቹ በታች ነጭ ዱቄት እያወጣ አስቸግሮኛል። ባለቤቴ «በነጭ የዘይት ቀለም ቀብተን እንገላገል» ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አልቆርጥ አለ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ልብሽ አለመቁረጡ ደግ ነው። ያ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ በጡቡና በሲሚንቶው ያለውን ጨው ያሟሟና ይዞት ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ፊቱ ላይ ይቀራል። የሚወጣው ከመስኮት በታች ብቻ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የመስኮቱን ደፍ ነው። ተሰንጥቋል? ወደ ውስጥ አዘንብሏል? አሸንዳውንም ዝናብ እየዘነበ ቆመሽ እዪው፤ በደረቅ ቀን የሚያፈስበት አይታወቅም።

የዘይት ቀለሙን ነገር ከደረሰብኝ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ልክ እንደ አንቺ ያለ ቤት በነጭ ዘይት ቀባሁ፤ ሲያልቅ አማረ። ዓመት ሳይሞላው ባለቤቶቹ ጠሩኝ። ግድግዳው እንደ ተቃጠለ ቆዳ አብጧል። አንዱን እብጠት በጥፍሬ ብነካው ውሃው እስከ ክንዴ ወረደ። የተላጠውን ቀለም ገልብጬ ሳየው ጀርባው ቀይ ነው፤ የጡቡን ፊት ይዞት መጥቷል። ውሃው በኋላ በኩል መግባቱን አላቆመም፣ እኔ ግን መውጫውን ዘግቼበት ነበር። ያን ቤት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ውሃው የሚገባበትን መጀመሪያ ድፈኑ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፤ በውሃ ካጠብሽው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። የብረት ብሩሽም አይሁን፣ ጡቡን ይቧጭራል። ቀጥሎ በጡቦቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ በቁልፍ ጫፍ ሞክሪው። እንደ አሸዋ የሚረግፍ ከሆነ ተፍቆ ይሞላ፤ ግንበኛው ግን ሲሚንቶ ብቻውን እንዳያደርግበት፣ ኖራ ይቀላቅልበት። መጋጠሚያው ከጡቡ ከጠነከረ የሚሰነጠቀው ጡቡ ነው። ከዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆይ፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ያበላሻል።

መቀባቱ ግድ ከሆነ ግድግዳው እንዲተነፍስ የሚፈቅድ ይሁን። እኔ የማምነው የሲሊኬት ቀለም ነው፤ አዶልፍ ቪልሄልም ካይም የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1878 የፈጠራ መብት ያወጣበት። እንደ ፕላስቲክ ላዩን አይሸፍንም፤ ከጡቡ ጋር ይዋሐዳል፣ እንፋሎት ያሳልፋል። አንድ እፍኝ ውሃ ግድግዳው ላይ ርጪ፤ ከጠጣው ቀለሙ ይይዛል፣ እየተንከባለለ ከወረደ ግን ከዚህ በፊት አንድ ነገር ተቀብቶበታልና አይይዝም። መስኮቶቹን በላስቲክ አጥብቃችሁ ሸፍኑ፤ ይህ ቀለም መስታወት ላይ ከደረቀ ይበላዋል፣ ምልክቱም አይለቅም። ለዓይንና ለእጅም መከላከያ ያስፈልጋል። ቀጭን የኖራ ቅብም መልካም ነው፣ ግን በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል።

ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት፦ የተቀባ ጡብ ወደ ቀድሞው አይመለስም ማለት ይቻላል። አሸዋ በአየር ግፊት እየረጩ ቀለሙን የሚያስነሡ አሉ፤ እነሱ ጡቡ ሲተኮስ ያወጣውን ጠንካራ ቅርፊት አብረው ያነሡታል፣ ከሥሩ የሚቀረው ለስላሳ ጡብ ውሃ ሲጠጣ ይኖራል። እኔ ብሆን ደፉን አስጠግኜ፣ አንድ የዝናብ ወቅት አሳልፌ፣ ዱቄቱ ተመልሶ አለመምጣቱን ሳላይ ቀለም አልገዛም። ጡቡ ያኔ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ፣ እንዲሁ ቀይ እንደሆነ ብትተዉት ደስ ይለኛል።