እናቴ ያላወቀችው ሴልፊ

ጥያቄ፦ «ለሴልፊ ተብሎ የተሠራ ነው» ተብዬ የፊት ካሜራው 32 ሜጋፒክስል የሆነ ስልክ ገዛሁ። ማታ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ፎቶ ስነሳ ግን ፊቴ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። አፍንጫዬም ገዝፎ ይወጣል። እናቴ አይታ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ተሸወድኩ እንዴ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብዙም አልተሸወድሽም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቪቮ ቪ5 የተባለው ስልክ ሲወጣ የፊት ካሜራው 20፣ የኋላው 13 ሜጋፒክስል ነበር፤ ፊት ከኋላ በለጠ ማለት ነው። ቁጥሩ ለማስታወቂያ ይመቻል። ማታ ላይ ግን ወሳኙ ብርሃን ነው፣ የፊት ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ጨለማ ላይ ፎቶው ይሻክራል፣ ስልኩም ሻካራውን ላጥፋ ሲል ቆዳሽን አብሮ ይለሰልሰዋል። በዚያ ላይ ቢዩቲ የሚባለው፣ ፊት የሚያለሰልሰው የካሜራው ማስተካከያ ሳታውቂው በርቶ ይሆናል። ካሜራውን ክፈቺና ወደ ዜሮ አውርጂው። ዱቄቱ ያኔ ይራገፋል።

አፍንጫሽ ምንም አልሆነም። ስልኩን ፊትሽ ላይ ስለምትደቅኚው ነው፤ ቅርብ ያለ ነገር ገዝፎ ይታያል። ክንድሽን ዘርጊ፣ ወይም ረጅም ክንድ ያለው ጓደኛሽ ይያዘው። ከዛፍ ጥላ ወጥተሽ የሱቅ መብራት ፊት ለፊት ቁሚ። ደግሞ ሌንሱን በነጠላሽ ጫፍ ጥረጊው፣ በድሬ ሙቀት ላብና አቧራ የማይለጠፍበት ስልክ የለም (የእኔ ለሳምንት ጉም ሲያነሳ ከርሞ ለካ የሳንቡሳ ዘይት ነበር)።