ጓዳ ስትገቡ የቀረውን ጠይቁ

ይድረስ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ ገጠር ለምትመደቡ ልጆቼ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ 30 ዓመት ያህል በቤት ኑሮ ባለሙያነት ጣና ዙሪያ ሠርቻለሁ። በጎጃም በኩል ባሕር ዳር ዙሪያና ሜጫ፣ በጎንደር በኩል ደራና ፎገራ። የወንድ ባልደረቦቼ ሥራ ማሳ ላይ ነበር፤ የእኔ ጓዳ ውስጥ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የገጠሩ ገበታ በእኔ ዕድሜ ሲለወጥ አይቻለሁ። እሱ ሲለወጥ ማሳው፣ ዛፉና ሐይቁም አብረው ተለውጠዋል። ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ነው።

በሥራ ዘመኔ ቤት ለቤት እየዞርን የምንሞላው ቅጽ ነበር። የአመጋገብ ለውጥን ይመዘግባል። ፓስታ አለ? ምልክት። የሱቅ ዘይት አለ? ምልክት። ሩዝ አለ? ምልክት። ምልክቱ በበዛ ቁጥር ቤተሰቡ ተሻሻለ ይባላል። ከገበታው የወጣውን የሚጠይቅ መስመር ግን አልነበረውም። እኔም ለዓመታት ሳልጠይቅ ሞላሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዓይኔን የገለጠችልኝ ወረታ አቅራቢያ ያለች አንዲት እናት ናት። ሐምሌ ነበር፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ጠዋት። ሽሮ ልትሠራ ሽንኩርቱን ከትፋ ድስቱን ጣደች። ቢጫውን ጀሪካን አንስታ ብታዘነብለው ዘይቱ አልወርድ አለ። ረግቷል። ጀሪካኑን ወደ ምድጃው አስጠግታ እስኪቀልጥ መጠበቅ ጀመረች። ጥግ ላይ ሙቀጫው ተደፍቶ ዶሮ ቆማበታለች። ድሮ ኑግ የሚወቀጥበት ነው። «ኑጉስ?» አልኳት። «እትዬ፣ ኑግ ማን ይዘራል ብለው ነው? ዘይቱ ከሱቅ ይመጣል፣ መሬቱም ሩዝ ሆኗል» አለችኝ። ቅጼን አወጣሁ። ለዘይቱ ምልክት አደረግሁ። ለኑጉ የምጽፍበት ቦታ አልነበረም።

ኑግ ምን እንደነበር አስቡት። የደከመ መሬት ላይ፣ ውኃ የሚተኛበት መሬት ላይ፣ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። መስከረምና ጥቅምት ሲያብብ ንብ ይሰፍርበታል፤ የጎጃም ማር ግማሽ ነፍሱ እሱ ነው። ከብት ስለማይደፍረው ጤፉን እንዲጠብቅ በማሳ ዳር ይዘራል። ሲጨመቅ ቅባኑግ ይወጣዋል፣ የቀረው ፋጉሎ ለምታለበው ላም ይሄዳል። ጀሪካኑ ሲገባ እነዚህ ሁሉ ተያይዘው ወጡ።

ግን ሒሳቡን በሐቅ ሥሩ። የጀሪካኑ ዘይት የሚወጣው ፓልም ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ነው፤ ፓልም ከ1 ሄክታር ከ3 ቶን በላይ ዘይት ይሰጣል። ኑግ 10 ኩንታል ፍሬ ቢሰጥ እንኳ ከግማሽ በታቹ ነው ዘይት የሚሆነው። ስለዚህ «ኑግ ሁልጊዜ ይሻላል» ብላችሁ አትፍረዱ። ፓልሙ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ውስጥ ብዙ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ነው፤ የእሱ ትልቁ ዕዳ እዚያ ነው። ከሩቅ በመርከብ መምጣቱ ብቻውን ያን ያህል አይደለም፤ መርከብ በኪሎ ሲሰላ ጥቂት ነዳጅ ነው የሚበላው። ወጣቶች ርቀቱን ብቻ ስትቆጥሩ ስለማይ ነው ይህን የምለው። ምግብ በተፈጥሮ ላይ የሚጥለው ሸክም አብዛኛው የሚመጣው ከተመረተበት መሬት ነው።

ወደ ሩዙ ልምጣ። ሩዝን የሚኮንን ሰው ፎገራን አያውቅም። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ጤፍ ይበሰብስ ነበር። ሩዝ በደርግ ጊዜ መጣና ያንን ውኃ እንጀራ አደረገው። ጤፍ ሲወደድ ከሩዝ ጋር ተቀይጦ ስንቱን ቤት አሳድሯል። የቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጁን ባሕር ዳር ልኮ ያስተማረ ብዙ ገበሬ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ግን ጫማችሁን አውልቃችሁ ነሐሴ ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ ግቡ። እግራችሁ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ ዙሪያውን ፊኛ ፊኛ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ሜቴን የሚባለው ጋዝ ነው። አየር የማያገኝ ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት የበሰበሰውን ገለባና ሥር ሲያብላሉ ይሠሩታል። ላም ስታመሰኳ ከምታገሳው ጋር አንድ ነው። በ100 ዓመት ሒሳብ ሜቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። መስኖ ባለበትና ውኃውን መቆጣጠር በሚቻልበት ማሳ፣ መሀል ላይ አንዴ ሁለቴ አድርቆ መልሶ ማጠጣት ጋዙን በደንብ ይቀንሰዋል። በዝናብ ብቻ በሚለማው ላይ ይህ ከባድ ነው። እዚያ የምትሠሩት ሌላ ሥራ አለ፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ያለው።

ሩዙ ሲነሳ መሬቱ እርጥበት ይዞ ይቀራል። በዚያ እርጥበት ሽምብራ ይበቅላል። ጓያም ይበቅላል፤ ጓያ ግን በክፉ ቀን ብቻውን ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፣ ደንቢያና ፎገራ ይህን በደንብ ያውቁታል። ሽምብራውን አበረታቱ። አንዱን ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍራችሁ ቁረጡ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ እየሠሩ ነው። ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለተክሉ ይቀልቡታል።

አሁን ነገሩን ከጓዳው ጋር አያይዙት። በጾም ቀን ሽሮ ይበላ የነበረ ቤት ፓስታ በዘይት መብላት ጀመረ እንበል። ጾሙ ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው። ሽሮ ካልተፈለገ ሽምብራና ባቄላ አይዘራም። ጥራጥሬ ካልተዘራ ማሳው ናይትሮጅን የሚያገኘው ከዩሪያ ጆንያ ነው። ዩሪያ ፋብሪካ ውስጥ ከተፈጥሮ ጋዝ ተሠርቶ፣ በጅቡቲ ዞሮ፣ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ይመጣል። ከፊሉን ክረምቱ ከአፈሩ ጋር ጠርጎ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ ጣና ይከተዋል። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጥልቅ ግን አይደለም፣ የመጨረሻ ጥልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ሲጠግብ ቶሎ ይታመማል። በ2004 ዓ.ም. ግድም የታየው እምቦጭ የሚወፍረው ከማሳና ከከተማ በሚወርድለት በዚህ ቀለብ ነው። ስንቱ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል! የሽሮ ድስት ከእምቦጭ ጋር ይገናኛል ብል መጀመሪያ ላይ ባልደረቦቼም አላመኑኝም።

ማገዶውንም እዩ። የገጠር ቤት ከሚያነደው ከግማሽ በላዩን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። በጤፍም ይሁን በሩዝ ቅይጥ ያው ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፣ ማሳ መግባት የነበረበት ፍግ አመድ ይሆናል፣ ለዩሪያ ሌላ ገበያ ይከፈታል። «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ያተርፋል። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ብችል ይህን እመርጥ ነበር።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ከሌላ አገር የተቀዳ «ሥጋ ቀንሱ» የሚል ትምህርት ይዛችሁ ገጠር እንዳትገቡ። በዓውደ ዓመት ሥጋ ለሚቀምስ ሰው ምን ቀንስ ይባላል? የሕፃን እንቁላልና ወተት ላይ የካርቦን ሒሳብ የሚሠራ ባለሙያ ሙያውን ረስቷል። ልጆቻችን ቁመታቸው የሚቀጭጨው በጥጋብ አይደለም። እንቁላሉ ይጨመር፣ ወተቱ ይጨመር።

ዓሣም አለላችሁ። ቆሮሶውም፣ አምባዛውም፣ ነጭ ዓሣውም ከሰው መኖ አይጠይቅም። ነጭ ዓሣ ግን ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣል፤ አፋቸው ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። በዚያ ወቅት ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ሲሸጥ ካያችሁ አትግዙ፣ ለምን እንደማትገዙም ለሻጩ በትሕትና ንገሩት።

ምደባችሁ ሲደርስ ቅጽ ይሰጣችኋል። የእናንተው በታብሌት ይሆናል። ግድ የለም፣ አንድ ደብተር ያዙና «የቀረው» የሚል ዓምድ አስምሩበት። ምን ትበሉ ነበር? መቼ ተዋችሁት? በተተወው ፋንታ ማሳው ላይ ምን ተዘራ? እናቶቹን ጠይቁ፤ አባወራው ስለ ምርቱ ይነግራችኋል፣ ስለ ድስቱ የምታውቀው እሷ ናት። ጥድፊያ አታብዙ፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ተቀመጡ። ለመጀመሪያው ጉዞ ጥቅምትን ምረጡ። ሩዙ ገና አልታጨደም፣ መንገዱ ደርቋል፣ ኑግ ዛሬም የሚዘራበት ማሳም ቢጫ ሆኖ ከሩቅ ይታያችኋል።