ላፕቶፑ ፎቶ ሲያስተካክል ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች። በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የሠርግ ፎቶ አንሺ ስሆን፣ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች የማስተካክለው ቤቴ ባለው ላፕቶፕ፣ በላይትሩምና በፎቶሾፕ ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራምና 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለው፤ ፎቶዎቹ የሚቀመጡት ግን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ስሻገር ምስሉ ጠርቶ እስኪታይ ብዙ ያስጠብቀኛል፤ ጥቂት ከሠራሁ በኋላም ይብስበታል። ጥር ሲገባ ሠርጉ ስለሚደራረብ ከአንኮበርና ከመንዝ የሚመጡ ደንበኞቼን እያጉላላሁ ነው። አንድ ባለሙያ ራም እንድጨምር መክሮኛል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ራም (ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማኅደር) ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ የሚጨናነቀው ክፍል የትኛው እንደሆነ በዓይንዎ ማየት ይኖርብዎታል፤ ከገለጹልን ሁኔታ ተነሥተን እኛ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ዲስኩን ነው። ላይትሩምን ከፍተው እንደ ወትሮው እየሠሩ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑና በሚከፈተው መስኮት «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይምረጡ፤ የፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል)፣ የራሙና የዲስኮቹ ሥራ በመቶኛ ይታይዎታል። ፎቶ በሚቀይሩበት ጊዜ ከዲስኮቹ አንዱ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ የሚቆይ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ከ20 ወይም ከ30 በመቶ የማያልፍ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩ ፋይሉን እስኪያቀርብለት እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ከዘመናዊ ካሜራ የሚወጣ አንድ ሮው ፋይል (ገና ያልተቀናበረ ጥሬ ምስል) ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሜጋባይት ይመዝናል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድን ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሊያቀርብ ቢችልም፣ ላይትሩም ካታሎጉን (ያደረጓቸውን ማስተካከያዎች የሚይዝበትን መዝገብ) እና በየፎልደሩ የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን አብሮ ስለሚጠይቅ፣ የዲስኩ ማንበቢያ ክንድ ከቦታ ቦታ ሲመላለስ ፍጥነቱ እጅግ ያሽቆለቁላል። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ ዲስኩ መጨናነቁን ካረጋገጡ፣ በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቀይረው ዊንዶውስን፣ ፕሮግራሞቹንና የላይትሩም ካታሎጉን እዚያ ላይ ማኖር ለገንዘብዎ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው ብለን እናምናለን።

የውጭ ዲስኩን የሚሰኩበትን ቀዳዳም ልብ ብለው ይመልከቱ። ውስጡ ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ይህም በወረቀት ላይ እንኳ ከ60 ሜጋባይት በሰከንድ አያልፍም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ዩኤስቢ 3.0 ካለ ወደዚያ ያዛውሩት፤ ገመዱም የዚያው ዓይነት መሆን አለበት።

ኤስኤስዲውን እስኪገዙ ድረስ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ መፍትሔ አለ። ፎቶዎቹን ወደ ላይትሩም ሲያስገቡ «ስማርት ፕሪቪው» እንዲዘጋጅላቸው ያድርጉ፤ ረጅሙ ጎናቸው 2,560 ፒክሰል የሆነ ቀላል ቅጂ ይሠራላቸዋል። ከዚያም በላይትሩም ማስተካከያ (ፕሪፈረንስ) ውስጥ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል፣ በዋናው ፋይል ፈንታ በዚህ ቅጂ እንዲሠራ የሚያዝዘውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት። ለደንበኛ የሚያስረክቡት ፎቶ ሲወጣ ከዋናው ፋይል ስለሚዘጋጅ ጥራቱ አይጓደልም።

ጥቂት ሲሠሩ እየባሰ መሄዱ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ፎቶሾፕ ሳይነኩት ከተተወ ካለው ራም እስከ 70 በመቶ ለራሱ እንዲወስድ የተዘጋጀ ነው፤ ላይትሩምም አብሮት ከተከፈተ 8 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል። ራሙ ሲሞላ ትርፉ ወደ ዲስኩ ይጻፋል፤ ዊንዶውስ ያለበት የሲ ድራይቩም ጠባብ ቦታ ብቻ ከቀረው መንቀራፈፉ ይብሳል። ከላይ በጠቀስነው መስኮት ራሙ ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ካገኙት ያማከርዎት ባለሙያም ትክክል ነው፤ 16 ጊጋባይት ለዚህ ሥራ ተገቢ ልክ ነው። እስከዚያው ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱን ዘግተው በሌላው ይሥሩ።

በእናንተ አገር ብርድ ላፕቶፕን ብርድ ልብስ ላይ ወይም ጭን ላይ አስቀምጦ መሥራት የተለመደ መሆኑን እናውቃለን። ቤቱ ምንም ቢቀዘቅዝ፣ ከሥሩ ያለው የአየር መግቢያ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ይግልና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፣ የማራገቢያውንም አቧራ ያስጠርጉ። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩም ብዙ ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ፍተሻውን መብራት ባለበት ሰዓት ቢያካሂዱ ይመረጣል።

ዲስክ ከመቀየርዎ በፊት ካታሎጉንም ፎቶዎቹንም ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ፤ ሠርግ ተመልሶ አይነሣምና በዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ላይትሩም ሲዘጋ የሚያቀርብልዎት ምትኬ ያደረጓቸውን ማስተካከያዎች የያዘውን ካታሎግ ብቻ እንጂ ፎቶዎቹን አያካትትም፤ እነርሱን ራስዎ መቅዳት አለብዎት።